ትኩስ ሽሮ በኬክ መያዣ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ፌስታል ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፤ ደግ አድርጋችኋል። የእኔ ጉዳይ ግን ምግብ ቤቶች ቴክ አዌይ የሚያደርጉበት፣ ያ መስተዋት የመሰለው ክዳናም ዕቃ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ እሱን በሚያመርት ወርክሾፕ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ።

ሺቱ፣ ማለትም ዕቃው የሚሠራበት ዝርግ ፕላስቲክ፣ ሂተር ሥር ገብቶ ሲሞቅ መጀመሪያ ይሸበሸባል፣ ከዚያ ውጥር ይላል፣ በመጨረሻ መሐሉ ወደ ታች ይረግባል። የኦፕሬተር ሙያ መርገቡን በዓይን ለክቶ ማወቅ ነው። ልክ ሲሆን ቅርጽ ማውጫው ሞልድ ላይ ይወርዳል፤ ቫኪዩሙ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞሉ ቀዳዳዎች አየሩን ሲመጠው ሺቱ ልጥፍ ይላል። ከዚያ በነፋስ ይቀዘቅዛል፣ ይቆረጣል። ጥልቅ ዕቃ ከሆነ ጥግ ጥጉ ስለሚሳሳ መሰንጠቅም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ጥርት ያለው ዕቃ የእኛ ቤት የሚሠራው ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሠራበት ማለቴ ነው። ፔት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድን እንዳለፈ መለስለስ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ከምድጃ የወረደ ሽሮ ሲገለበጥበት ምን እንደሚሆን አስቡት። በሙቀት የተሳበ ሺት ቅርጹን ይዞ የሚቆየው ስለቀዘቀዘ ብቻ ነው፤ ዳግም ሲሞቅ ወደ ዝርግነቱ ሊመለስ ይታገላል። ያላመነ ባዶውን የፈላ ውሃ ያፍስበትና ሲኮማተር ይይ።

ደንበኞች ዕቃው ሲጣመምባቸው «ስስ ስለሆነ ነው፣ አወፍሩት» ይሉናል። ቢወፍርም ትንሽ ቢዘገይ እንጂ መጣመሙ አይቀርም። ለወጥ የሚሆነው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ነው፤ እሱ እስከ 160 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። እውነቱን ለመናገር እኛ ኦፕሬተሮች አንወደውም። ሙቀቱ ትንሽ ሲያልፍ ሺቱ ተዘርግፎ ይወርዳል፣ መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥርም የተበላሸ ስክራፕ ይከመራል። እንደ ፔት ጥርት ስለማይልም ሻጭ ፊቱን ያዞርበታል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሞልዱ ሥር አንዴ የተቀረጸ የፕላስቲኩ ዓይነት መለያ ቁጥር በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይወጣል፦ ለፔት 1፣ ለፖሊፕሮፒሊን 5፣ ፖሊስታይሪን ለሚባለው ሌላ ፕላስቲክ 6። ከቁጥሩ ጎን «ለትኩስ ምግብ አይሆንም» የሚል በአማርኛ ቢጨመርበት አስተናጋጁም ያነበዋል። ሰላጣው፣ ፍራፍሬውና ኬኩ በፔት ይሂዱ፤ ማንም አይጎዳም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ግዴታ ቢያደርገው አምራቹ «ጎረቤቴ ሳይጽፍ እኔ ለምን ብዬ» የሚልበት ሰበብ አይኖረውም፤ አለቃዬ ዛሬ የሚለኝ ይህንኑ ነው።

እስከዚያው ጋዜጠኞቻችሁ መርካቶ ወርደው የእነዚህን ዕቃዎች ሥር እየገለበጡ ያገኙትን ቢጽፉልን እወዳለሁ። እኔ ከማሠራባቸው ሞልዶች አንዱም ቁጥር የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የማሽን ኦፕሬተር፣ አዲስ አበባ