ውሃ ራሱን ያጠራል ላልከኝ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በለኝ። እውነቱን ልንገርህ? ተቀይሜህ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ ስለ ሀይቅና ወንዝ ብክለት ሳወራህ "ውሃ ራሱን ያጠራል፤ ሕግ ማብዛት ሥራ ማሰር ነው" ብለህ ሳቅክብኝ። መልስ አጣሁ። ያናደደኝም እሱ ነው እንጂ አንተስ ምን አጠፋህ።

መልሱ ይኸው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ስማኝ።

ግማሹን ልክ ነህ። የሚፈስ ወንዝ ቆሻሻው ካልበዛበት እያደር ይጠራል። ሀይቅ ግን የገባበትን ይዞ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ትንሽ ሀይቅ ወገቡ ላይ በፕላስቲክ መጋረጃ ለሁለት ከፈሉ። ካርቦንና ናይትሮጅን በሁለቱም በኩል ጨመሩ። ፎስፈረስ የጨመሩት ግን በአንዱ በኩል ብቻ ነው። ያ ወገን በአልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር፣ አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላኛው ጠርቶ ቀረ። ያኔ የልብስ ሳሙና ፎስፈረስ ይበዛበት ነበር፤ አምራቾቹም "ጥፋቱ የእኛ አይደለም" ይሉ ነበር። ከመጋረጃው በኋላ እንዲያ ብሎ መከራከር ከበደ።

ክፋቱ፣ ፎስፈረሱ ደለል ውስጥ ይተኛል። ፍሳሹን የሚያመጣው ቱቦ ከተዘጋ በኋላም ለዓመታት ከታች ወደ ላይ እየወጣ ሀይቁን ያደፈርሳል። ለዚህ ነው "ከቆሸሸ በኋላ እናጸዳዋለን" ሲባል የማይዋጥልኝ።

ሕግ አይሠራም እንዳትለኝ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የንጹሕ ውሃ ሕጓን አወጣች፤ ከቱቦ የሚለቀቅ ፍሳሽ ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ተባለ። በዚያው ዓመት ከካናዳ ጋር በጋራ ሀይቆቻቸው ላይ ተስማሙ። ከእነዚሁ ሀይቆች አንዱ፣ ብዙዎች ሞቷል ያሉት ኢሪ ሀይቅ አገገመ። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። ዝናብ ከእርሻ አጥቦ የሚያመጣው ማዳበሪያ ፈቃድ አይጠየቅበትም። አልጌውም ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ውሃቸው ከኢሪ ሀይቅ የሚቀዳ የአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ ሰዎች የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ተነገራቸው። አፍልታችሁ ጠጡ እንኳ አልተባሉም። የዚህ አልጌ መርዝ በመፍላት አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። ሀይቅ ዳር ተቀምጦ መጠማት ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ አንተ "ሥራ ማሰር" ልምጣ። ለአዲስ ፍሳሽ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ "የእኔ እኮ ትንሽ ናት" ይላል። እውነቱን ነው! አንድ በአንድ ስታያቸው ሁሉም ትንሽ ናቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አይደል የሚባለው? ስለዚህ እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ሀይቁ በጠቅላላ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ይለካ። ከዚያ ድርሻ ይከፈል። ከሞላ ሞላ፤ ነባሩ ካልቀነሰ አዲስ አይገባም። ገና ንጹሕ የሆነው ሀይቅ ደግሞ "የተፈቀደው ጣሪያ እስኪደርስ" እየተባለ አይቆሽሽ። ጣሪያው ግብ አይደለማ! ፍሳሹንም የሚለካው የሚለቀው ሰው ብቻ አይሁን። ራሱ ተፈታኝ፣ ራሱ አራሚ ሆኖ የወደቀ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

አንድ ነገር ግን አልክድህም። ትንንሽ አምራቾች የየራሳቸውን ማጣሪያ ይትከሉ ቢባል ብዙዎቹ ይዘጋሉ። በጋራ አንድ ማጣሪያ ቢኖራቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ማን ይክፈል የሚለው ላይ ግን አንተ ከእኔ የተሻለ ሳታስብ አትቀርም፤ ሒሳብ ያንተ ነገር ነው።

እስቲ ጻፍልኝ። ባትስማማም ጻፍ። ብቻ እንደኔ ሦስት ዓመት እንዳታቆየኝ።

ያው የድሮው ተከራካሪህ