የልጄ ልብ ተለካ ወይስ ተገመተ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት የጤና ዓምዳችሁ ላይ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም እንደሚረጭ፣ ይህም «በመሣሪያ እንደሚነበብ» ጽፋችኋል። ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም። ያላስተኛችኝ «ይነበባል» የምትለዋ ቃል ናት። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆርጬ፣ በኋላም ተቆጣጣሪ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን አምና የሴት ልጄ ልብ በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲመረመር ጠይቄ ጠይቄ ነገሩ ገብቶኛል።

ልጄን በልጅነቷ ቶንሲል አይለቃትም ነበር። ዳማከሴ ጨምቀን እናጠጣታለን፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ይመለሳል። ጉሮሮዋ ዳነ፣ ሕመሙ ግን ልቧን ነክቶ ኖሮ ቫልቩ (የደሙ በር) ጠባብ ሆኖ ቀረ። ዛሬ 28 ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ከምርመራው በኋላ የሰጡን ወረቀት «በደቂቃ 3.5 ሊትር» ይላል። «ይሄ እንዴት ታወቀ?» አልኳት ሐኪሟን። ወጣት ናት፣ ትዕግሥት አላት። የጓንት ካርቶን ገልብጣ በእስክሪብቶ ሳለችልኝ።

እኔ በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። አራት ኪሎ ቆሜያለሁ እንበል። እያንዳንዱ አውቶቡስ 80 ሰው ይዞ ይገባል፣ 60 ይዞ ይወጣል። ማታ ላይ 400 ሰው እንደወረደ ነገሩኝ። ስንት አውቶቡስ አለፈ? 400 ለ20 ሲካፈል 20። አንዱንም አውቶቡስ ማየት አላስፈለገኝም። (ማንም አልተሳፈረም ብለን ነው። አራት ኪሎ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ገጥሞኝ አያውቅም።) ደሙ አውቶቡስ ነው፣ ኦክስጅኑ ተሳፋሪ። ጤነኛ ሰው ላይ አንድ ሊትር ደም 200 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይዞ ይሄዳል፣ 150 ይዞ ይመለሳል። ሰውነት በደቂቃ 250 ከተጠቀመ፣ 250 ለ50፣ 5 ሊትር። የናንተም 5 ሊትር ይኸው።

ይህን ያሰበው አዶልፍ ፊክ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ዉርዝቡርግ ከተማ። አስቦ ተወው፣ በሰው ላይ አልለካውም። ችግሩ የሚመለሰው ደም ነበር። ከክንድ መቅዳት አይበቃም። ከኩላሊት የሚመለሰው ደም ገና ብዙ ኦክስጅን ይዟል፣ ከራሱ ከልብ ጡንቻ የሚመለሰው ግን አብዛኛውን አራግፎ ነው። ሁሉም ከተደባለቀ በኋላ፣ ወደ ሳንባ ሲያልፍ መቀዳት አለበት። የሕያው ሰው ልብ ውስጥ ማን ይግባ? በ1929 ቨርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ሐኪም ኤበርስቫልደ በሚገኝ ሆስፒታል በገዛ ክንዱ ደም መልስ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ እስከ ልቡ ገፍቶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። እብድ ነው ያሉት አልጠፉም። በ1956 ግን ኒውዮርክ ላይ ዘዴውን ለበሽተኛ ካደረሱት ከኩርናንድና ከሪቻርድስ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ወደ ልጄ ልመለስ። የእሷ ደም በየሊትሩ 57 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን አራግፎ ተመልሷል። ይህ ከተቀዳው ደም የወጣ ነው፣ እቀበላለሁ። በደቂቃ የተጠቀመችው 200 ሚሊ ሊትርስ? «እሱስ በምን ተለካ?» ብል «አባባ፣ እሱ እንኳ አልተለካም» አለችኝ። መለኪያው ፊት ላይ የሚያጠልቁት ጭንብል ነው። የምንስበው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፣ የምንተነፍሰው 16 ወይም 17 ገደማ፤ ልዩነቱ የተበላው ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ቆሟል። ስለዚህ የሰውነቷን ስፋት 1.6 ካሬ ሜትር ብለው፣ ለአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ በሚታሰበው 125 ሚሊ ሊትር አባዝተው 200 አሉ። ውጭ አገርም ብዙ ቦታ እንዲሁ ይሠራል አለችኝ፣ አምናታለሁ።

ግን ይህ «ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ 400 ሰው ወርዷል» እንደማለት ነው። ተቆጣጣሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ሪፖርት ቢመጣልኝ አልፈርምም። ግምቱ ከእውነተኛው በሩብ ያህል ሊርቅ ይችላል። ልጄ የምትጠቀመው 160 ከሆነ 3.5ቱ ወደ 2.8 ይወርዳል። የቫልቩ ስፋት የሚሰላው ደግሞ በዚሁ ቁጥር ነው፣ በፊኛ ይከፈት ወይስ ይቆይ ሲባልም ይታያል። እርግጥ ሐኪሞቹ አልትራሳውንዱንም፣ የልጅቷንም ሁኔታ ያያሉ፤ በአንድ ቁጥር አይወስኑም።

እኔ የምለው ወረቀቱ ላይ «የተለካ» ወይም «የተገመተ» ተብሎ ይጻፍ ነው። አንዲት ቃል፣ መለዋወጫ አትፈልግም። እናንተም ዓምዱን ስታርሙ «ይሰላል» በሉ።

ሐኪሟን እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። ሳቀች፣ ከ3.5ቱ ጎን በእስክሪብቶ «ግምት» ብላ ፈረመችበት። ወረቀቱ ቤት አለ።

አንድ ጡረተኛ አንባቢያችሁ
ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ