የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከሰር ጄምስ ማክሚላን ሥራዎች ጋር የቆየንበት ዓመት

የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ በተጠናቀቀው የትምህርት ዘመን ከወትሮው የተለየ አሠራር ተከትሏል። ቀደም ባሉት ዓመታት ከተለያየ አገርና ዘመን የተውጣጡ ሥራዎችን በየሳምንቱ እያነሣን እንወያይ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አባላቱ በመስከረም ወር ባደረጉት ስብሰባ ዓመቱን ሙሉ በአንድ የሙዚቃ ደራሲ ላይ ለማተኮር ተስማሙ። የተመረጡት ስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ማክሚላን ናቸው። ሐሳቡን ያቀረብሁት ተማሪዎቻችን ክላሲካል ሙዚቃ ሲባል ከዘመናት በፊት ያረፉ ሰዎች ሥራ ብቻ መስሎ ስለሚታያቸው ነው፤ ዛሬም በሕይወት ያለ፣ ዛሬም የሚጽፍ ሰው ሥራ ምን እንደሚመስል እንዲሰሙ ፈለግሁ። ከዚህም በላይ ማክሚላን እጅግ አዲስ የሆነውን ሙዚቃቸውን የሚገነቡት በጥንታዊ ዜማ ላይ በመሆኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥንታዊ ዜማ እየሰሙ ላደጉ ልጆች በሩ ክፍት ይሆናል ብዬ አምን ነበር።

አሠራራችን ይህን እምነት የተከተለ ነበር። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በሙዚቃ ክፍል ተሰብስበን አንድን ሥራ በመጀመሪያ ያለ ምንም ማብራሪያ እናዳምጣለን፤ ተማሪዎቹም የሰሙትን በደብተራቸው ያሰፍራሉ። ቀጥሎ ሥራው የተነሣበትን የጥንት ዜማ ለብቻው እንሰማለን፤ ከዚያም ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው እናዳምጣለን። በመጀመሪያው ጊዜ «ጩኸት» ተብሎ የተጻፈው ክፍል በሁለተኛው ጊዜ ስም ያገኝ ነበር።

ማክሚላን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1959 በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ በኤርሻየር፣ ኪልዊኒንግ በተባለች ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት በዚያው አካባቢ በምትገኘው በከምኖክ ነው። ከምኖክ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ ነበረች። የእናታቸው አባት በማዕድን ጉድጓድ የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ ከሥራ ውጭ ባለው ጊዜያቸው በማዕድን ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ዩፎኒየም የተባለውን የነሐስ መሣሪያ ይነፉ ነበር፤ ለልጅ ልጃቸው ኮርኔት የተባለውን መለከት መሰል መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገኙለትና ወደ ልምምድ ይወስዱት የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ማክሚላን በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። የካቶሊክ እምነት ተከታይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሥራዎቻቸውም ከዚህ እምነት ጸሎትና ዜማ የተቀዱ ናቸው። የክበባችን አባላት ከተለያየ እምነት የመጡ ስለሆኑ፣ የምናዳምጠው ለሙዚቃው ሲባል መሆኑን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋግረን ተግባብተናል፤ በዓመቱ ውስጥም በዚህ ጉዳይ ቅር የተሰኘ አባል አልነበረም።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ከፍተኛ ድርሻ የወሰደው ማክሚላንን በአንድ ምሽት በመላው ብሪታንያ ያሳወቃቸው «የኢዞቤል ጋውዲ ኑዛዜ» የተሰኘው የኦርኬስትራ ሥራ ነው። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1990 በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ፣ በየበጋው በሚካሄደው የፕሮምስ የሙዚቃ በዓል ላይ ነበር። ኢዞቤል ጋውዲ በሰሜን ስኮትላንድ፣ ኦልደርን በተባለ ስፍራ የኖረች ሴት ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1662 በጥንቆላ ተከስሳ ከሰይጣን ጋር እንደተገናኘች ቃሏን ሰጥታለች። በዚያ ዘመን በስኮትላንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጥንቆላ ተከስሰዋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ማክሚላን ሥራውን የጻፉት ለዚህች ሴት ያልተደረገላትን ጸሎተ ፍትሐት በሙዚቃ ለማድረስ ነው። ተማሪዎቹ «በመጨረሻ ምን ሆነች?» ብለው አጥብቀው ጠየቁ። መገደሏን የሚያሳይ መዝገብ አለመገኘቱን ስነግራቸው ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪም ፍርዷ ሳይታወቅ ለቀረ ሰው የሚጻፍ ሙዚቃ እንዴት ይጨርሳል ብላ ጠየቀች። ወደ ፍጻሜው በጥንቃቄ እንድንሄድ ያደረገን ይህ ጥያቄ ነው።

ሥራው ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አጀማመሩ እጅግ ዝግ ያለና ለስላሳ ነው፤ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ ይወጣሉ። በውስጣቸው ለሙታን የሚጸለየው የላቲን ዜማ፣ የስኮትላንድ ባላገር ዘፈንና በስኮትላንድ ደሴቶች መዝሙረ ዳዊት የሚዜምበት ስልት ተሸምነዋል። ከዚያ ሙዚቃው ይቆጣል። መሐል ላይ መላው ኦርኬስትራ አንድን ድምፅ አሥራ ሦስት ጊዜ እየደጋገመ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ቀን ጆሯቸውን ይዘው ነበር። በሁለተኛው ማዳመጥ ግን ከዚህ ሁሉ ድብደባ በታች የመጀመሪያው ለስላሳ ዜማ ሳይቋረጥ ለመሰማት ሲታገል አገኙት። በፍጻሜው ያ ዜማ ተመልሶ፣ መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንዲት ኖታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ኖታዋም እየጎላች እየጎላች ሄዳ በድንገት ትቆማለች። ጥያቄዋን ያነሣችው ተማሪ በደብተሯ «አልተፈረደባትም፤ ተጠራች» ብላ ጽፋለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም መስጠት አልችልም።

ቀጣዩ ሥራ «ነዓ፣ ነዓ፣ አማኑኤል» ብለን የጠራነው የምት መሣሪያዎች ኮንቸርቶ (ለአንድ ብቸኛ ተጫዋችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) ሲሆን፣ አባላቱ ሁሉ ያለ ልዩነት የወደዱት እሱን ነው። ማክሚላን ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1991 ከልደት በፊት ባለው የምጽአት ወቅት የመጀመሪያ እሑድ ሲሆን፣ የጨረሱት በ1992 በትንሣኤ እሑድ ነው። መነሻው ከልደት በፊት የሚዘመር የ15ኛው ክፍለ ዘመን ዜማ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ ናቸው። ግሌኒ ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ የመስማት ችሎታቸውን በእጅጉ ያጡ ሲሆን፣ ድምፅን በሰውነታቸው ንዝረት ይለያሉ፤ መድረክ ላይ ጫማቸውን አውልቀው የሚቆሙትም ለዚህ ነው። ይህን የሰሙ ተማሪዎች በራሳቸው ተነሣሽነት ከበሮ አምጥተው፣ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው፣ መዳፋቸውን በወለሉ ላይ አድርገው ምቱን ለመለየት ሞክረዋል። ከበድ ያለውና ቀለል ያለው ምት በእጅ ሲለይ ማየታቸው ስለ መስማት ያላቸውን ግንዛቤ ለውጦታል ማለት እችላለሁ።

በኮንቸርቶው ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ የልብ ትርታ አለ፤ ደራሲው የክርስቶስን ሰው መሆን የሚያመለክቱት በእሱ ነው። መሐሉ ላይ ማሪምባ የተባለው በዱላ የሚመታ የዕንጨት መሣሪያ ለብቻው ሲንቀሳቀስ፣ ከጥንታዊው ዜማ «ደስ ይበልሽ» ከሚለው ቃል የተወሰዱ አራት ድምፆች ከኦርኬስትራው ውስጥ ዝግ ብለው እንደ ጸሎት ይደጋገማሉ። በመጨረሻም ተጫዋቾቹ መሣሪያዎቻቸውን ትተው ትንንሽ ደወሎችንና የሚንሿሹ ብረቶችን ያነሣሉ፤ ብቸኛው የምት ተጫዋች ደግሞ በመድረኩ ከፍታ ወደተሰቀሉት ረጃጅም ደወሎች ይሄዳል፤ አዳራሹም በደወል ድምፅ ይሞላል። ይህ ሥራ ከ500 ጊዜ በላይ በመድረክ ቀርቧል፤ ለዘመናችን የኦርኬስትራ ሥራ ይህ እጅግ ብዙ ነው።

በየካቲትና በመጋቢት ወራት ዐቢይ ጾም ስለነበረ፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ ሙዚቃ ስለማይሰሙ ስብሰባችንን ኖታ በማንበብ ትምህርት ላይ አዋልን። «ከመስቀሉ የተሰሙ ሰባቱ የመጨረሻ ቃላት» የተሰኘውን ሥራም ከፋሲካ በኋላ አደረስነው። ይህ ለመዘምራንና ለክር መሣሪያዎች የተጻፈ ሥራ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ጥያቄ የተዘጋጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በሰሙነ ሕማማት በሰባት ተከታታይ ምሽቶች ተላልፏል። እዚህ ላይ በዝርዝር ያየነው ሦስተኛውን ክፍል ነው። የመስቀሉን ዕንጨት የሚያወድሰው የዓርብ ስቅለት ዜማ በመጀመሪያ በባሶች (በወፍራሞቹ የወንድ ድምፆች)፣ ቀጥሎ በቴነሮች (በቀጫጭኖቹ የወንድ ድምፆች)፣ ከዚያም በአልቶዎች (በዝቅተኞቹ የሴት ድምፆች) እየተያዘ ከፍ ከፍ ይላል፤ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚለው ቃል እስኪመጣ ብዙ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሲመጣም በሶፕራኖዎች፣ ማለትም በቀጫጭኖቹ የሴት ድምፆች፣ እጅግ ከፍተኛ ድምፅ ነው። በሰባተኛው ክፍል ደግሞ መዘምራኑ «አባት ሆይ» ብለው ይጮኻሉ፤ ከጸሎቱ በኋላ ዝም ይላሉ፤ የቀረውን የክር መሣሪያዎቹ እንደ መጨረሻ እስትንፋስ እየቆራረጡ ብቻቸውን ይጨርሱታል። በእኔ አስተያየት ማክሚላን ከጻፉት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበውን «የዮሐንስ ሕማም» ግን በከፊል ብቻ ሰምተናል፤ ትልቅ ሥራ ቢሆንም ለአንድ ሰዓት ስብሰባ የሚመች አይደለም።

ዓመቱን ያጠናቀቅነው በመዘመር ነው። ማክሚላን ታላላቅ ኦርኬስትራዎች የሚጫወቱላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የሰርነት ማዕረግ የተቀበሉ፣ በ2022 በንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ «ማን ይለየናል?» የተሰኘ መዝሙራቸው በዌስትሚኒስተር አቢ የተዘመረላቸው ሰው ናቸው፤ ሆኖም ሙያቸው ሙዚቃ ላልሆነ ተራ መዘምራን የሚሆኑ አጫጭር መዝሙሮችን መጻፍ አልተዉም። ከእነዚህ አንዱን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጻፈውን «የምታበራ ንጋት ሆይ» መርጠን ተለማመድን። «በጨለማና በሞት ጥላ ለሚኖሩ አብራ» የሚለው ልመና ለሁሉም የታወቀ ስለነበረ ቃሉን ለማስያዝ አልተቸገርሁም። ያስቸገረው ዋናውን ድምፅ የሚቀድሙት ፈጣን ጌጦች ነበሩ። በሰንበት ትምህርት ቤት ዜማ የተማረ አንድ አባል «ይኸ እኮ እንደ ርክርክ ነው» ብሎ ያንን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጌጥ በጉሮሮው አሳያቸው፤ የቀሩትም ወዲያው ያዙት። በሁለቱ ዜማዎች መካከል የታሪክ ግንኙነት አለ ማለቴ አይደለም፤ ጉሮሮ ግን የለመደውን ያውቃል። መዝሙሩም በሰኔ ወር በወላጆች ቀን በአራት ድምፅ ቀርቧል።

ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያችው ባደጉባት በከምኖክ «ዘ ከምኖክ ትሪስት» የተባለ የሙዚቃ በዓል መሥርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በየመስከረሙ መጨረሻና በጥቅምት ወር መጀመሪያ ገደማ በሚካሄደው በዚህ በዓል ታዋቂ ሙዚቀኞች ከከተማዋ ነዋሪዎችና ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ይዘምራሉ። ማዕድኑ ለተዘጋባት ከተማ ይህን ያህል ሥራ መመለሳቸውን ከሲምፎኒዎቻቸው አሳንሼ አላየውም፤ ተማሪዎቹም በሰፈራቸው ለሚገኙ ሕፃናት የመዝሙር ቡድን ለማቋቋም ሐሳብ ያነሡት ይህን ከሰሙ በኋላ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የክበቡ ጉባኤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩትን የአሸናፊ ከበደን «እረኛው ባለዋሽንት» መርጧል። ለዚሁ ሥራ ዋሽንት የሚጫወቱ ተማሪዎች ስለሚያስፈልጉን፣ ፍላጎት ያላቸው በምዝገባ ሳምንት በሙዚቃ ክፍል እንዲያነጋግሩኝ እጠይቃለሁ።