ቤቱን ሳትለኪ አታፍርሺ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአያትሽን ቤት ለማፍረስ ከአንድ ኮንትራክተር ጋር መነጋገርሽን አክስትሽ በስልክ ነገረችኝ። ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ግድግዳውም እንደተሰነጠቀ ስለማውቅ አዲስ ቤት አትሥሪ አልልሽም፤ ነገር ግን ሳትለኪ አታፍርሺ።

እዚህ ኢየሩሳሌም፣ የእኛ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ካለችበት ከኢትዮጵያ ጎዳና ወጥቼ የነቢያትን ጎዳና በያዝሁ ቁጥር የማልፈው አንድ የድንጋይ ቤት አለ። ስሙ ታቦር ነው፤ «ታቦርና አርሞንዔም በስምህ ደስ ይላቸዋል» ከሚለው ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ። የሠራው ኮንራድ ሺክ የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1846 በወንጌል መልእክተኛነት መጥቶ ለወጣቶች የአናጢነት ሥራ ያስተምር ነበር። የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ የሜአ ሸዓሪምን ሰፈርና እ.ኤ.አ. በ1887 የተከፈተውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነደፈ። ይህን ሁሉ ያስቻለው መለካቱ ነው፤ ያገኘውን ጥንታዊ ጉድጓድ፣ ግንብና ዋሻ ሁሉ ለክቶ ይጽፍ ስለነበር፣ ሌላ ክርስቲያን እንደ ልቡ በማይገባበት በቤተ መቅደሱ ተራራ ላይ እንኳ የኦቶማን ሹማምንት እንዲለካ ፈቅደውለታል። ታቦርን ለራሱ ቤተሰብ ሲሠራ ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ በቤቱ ፊት ላይ 1882 የሚል ዓመት ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1901 እስኪሞት ድረስ ኖረበት፤ ዛሬም የስዊድን የነገረ መለኮት ተቋም ይገለገልበታል።

ልጄ፣ የሺክ ስም እስከ ዛሬ ይነሳል። የእኛን ሰገነት የጠረበው አናጢ ስም ግን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቀው፣ ከአባቴ ጋር ተቀበረ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከዚያ ሰው እጅ የቀረን ቤቱ ብቻ ነውና፣ እባክሽ፣ ሳትለኪ አታፍርሺ።

ረጅም ሜትር ተዋሺና ከወንድምሽ ጋር ሆናችሁ የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመት፣ የበርና የመስኮቱን ስፋት፣ የግድግዳውንም ውፍረት በወረቀት ላይ አስፍሩ። የሰገነቱን ቅርጽ ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሺ። ጣሪያው ላይ ፈጽሞ እንዳትወጪ፤ ማገሩ በስብሷል። አቧራው አስምሽን እንዳይቀሰቅስብሽ አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ መድኃኒትሽንም ከአጠገብሽ አታርቂ። የቤቱን ካርታ ለማንም ሳትሰጪ ከአክስትሽ ዘንድ አስቀምጪ። ለኮንትራክተሩ ቀብድ ከፍለሽ ከሆነም ልኬቱ እስኪያልቅ ሥራ እንዳይጀምር ዛሬውኑ ንገሪው፤ እሺ ካላለሽ እኔ እደውልለታለሁ፣ ስልክ ቁጥሩን ላኪልኝ።

አባትሽ