«ማታ ማታ ያልብሃል ወይ?» ላለችኝ ሲስተር

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻዋን የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ኪኒን ዋጥኩ። መድኃኒቱን ከጀመርኩ 12 ወር ሞላኝ። ምን እንደደረሰብኝ የደብረ ብርሃን መናኸሪያ ልጆች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከአልጋዬ እስከ መኪና ተሸክማችሁኛል፤ አልደግመውም። የምጽፈው ለማመስገን ነው።

ሲስተር፣ ስሜን እንዳትጠራ ብለሽ አደራ ብለሽኛል። እሺ፣ አልጠራም። ዝም ማለት ግን አልችልም።

ያን ቀን ጤና ጣቢያ የመጣሁት ለራሴ አልነበረም። ልጄን ላስከትብ ነው። ተራችን ደርሶ ከአግዳሚው ስነሳ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ ተደገፍኩ። አየሽኝ። ልጅቷን ከተብሽና «አንተ ግን ምን ሆነህ ነው?» አልሽ። «የወገብ ዲስክ ነው፣ ሹፌር ነኝ» አልኩ። «ማነው ዲስክ ያለህ?» «ስፔሻሊስት።» ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። አንቺ አልተውሽም። «ማታ ማታ ያልብሃል ወይ? ስትተኛ ይሻልሃል ወይስ ይብስብሃል?» ከዚያ ቀበቶዬን አየሽ። በሚስማር የበሳኋቸው ሁለት አዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። «ይሄን መቼ በሳኸው?»

ስድስት ወር ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጀርባዬን በጣትሽ እየተጫንሽ ከላይ ወደ ታች ወረድሽ። አንዷ አጥንት ላይ ስትደርሺ ጮህኩ። ልጄ በእኔ ጩኸት ደንግጣ አለቀሰች። ሲከትቧት እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። ወረፋሽን ትተሽ ክንዴን ይዘሽ ጤና መኮንኑ ጋ አስገባሽኝ። ሪፈሩ የተጻፈው በዚያው ሰዓት ነው።

ውጤቱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሲሆን «ሳል እኮ የለኝም» ብዬ ተከራከርኩሽ። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ በደም ሄዶ አጥንትም ውስጥ እንደሚገባ ወረቀት ላይ እየሳልሽ አስረዳሽኝ። ያቺ ወረቀት ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ናት። የመጀመሪያው 2 ወር አራት መድኃኒት በአንድ ኪኒን፣ ከዚያ 10 ወር ሁለት መድኃኒት፣ ሁሉም በነጻ። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንቴ ብርቱካንማ ሆኖ ደንግጬ በሌሊት ደወልኩልሽ። «መድኃኒቱ ነው፣ አይዞህ፣ ተኛ» አልሽኝ። አንድ ቀን ደግሞ ተስፋ ቆርጬ ኪኒኑን ልወስድ ሳልመጣ ቀረሁ። ዝናብ ነበር። ጠባሴ ድረስ በእግርሽ መጣሽ። ጭቃ የያዘ ጫማሽን ደጃፍ ላይ አውልቀሽ በካልሲ ገባሽ። ምንም አልተቆጣሽም። ውኃ ቀድተሽ ሰጠሽኝ፣ እስክውጥ ድረስ ቆመሽ ጠበቅሽ። ይህን ስጽፍ እንባዬ እየመጣ ነው።

እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ስትወስደኝ «ኪኒንህን በጠበሉ ዋጠው እንጂ እንዳታቋርጥ» ያሉኝን አባትም አመሰግናለሁ። ይባርኩኝ።

ስለ ስፔሻሊስቱም አንድ ነገር ልበል። እሱን ሳልል ብቀር ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንም። ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ሄጃለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ። ሥራዬን ጠየቁኝ። ሹፌር ነኝ ስላቸው ነገሩ በዚያው አለቀ። ራጅ አዩ፣ ማስታገሻና የወገብ ቀበቶ አዘዙ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እግሬ እየደነዘዘ ነው፣ ፍሬን መርገጤ አይታወቀኝም አልኳቸው። «መንዳት ቀንስ» አሉኝ። እጃቸው አንድ ቀን እንኳ ጀርባዬን አልነካም። ያን ሰሞን ሰው ጭኜ የጣርማበርን ቁልቁለት እወርድ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ። በሽታው ድብቅ ነው፣ ሰውም ይሳሳታል። እሱ ይገባኛል። ሳይዳስሱ መወሰን ግን አልገባኝም። የኤምአርአይ ውጤቴን ኮፒ አድርጌ ካርድ ክፍል ትቼላቸዋለሁ። ከላዩ ላይ «እባክዎ፣ የሚቀጥለውን ሹፌር ጀርባውን ይዳስሱት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ለኤምአርአይ ገንዘብ ያዋጣችሁ ሹፌሮችና ተራ አስከባሪዎች፣ የእድራችን አባላት፣ የጠባሴ ጎረቤቶቼ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ረዳቴ፣ ዓመቱን ሙሉ የቀን ገቢውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቤቴ ያደረስክ፣ ወንድሜ ነህ። ባለቤቴ፣ ላንቺ የምለውን ቤት ነው የምለው።

ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅር በሉኝ። በተለይ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ አጥሚት እያመጣችሁ የምትጠይቁኝ የነበራችሁ፣ ያኔ ፊታችሁን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ማን እንደነበራችሁ እስከ ዛሬ እየጠየቅኩ ነው። መናኸሪያ ካገኛችሁኝ «እኔ ነበርኩ» በሉኝ።

ሐኪሞቹ ከባድ ነገር እንዳታነሳ እንጂ መንዳት ትችላለህ ብለውኛል። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ሲስተር፣ ወደ ደብረ ሲና በወረድሽ ጊዜ የፊት ወንበሩ ያንቺ ነው። ቆሎውንም እኔ ነኝ የምገዛው።