የራጅ ተማሪ በፊርማ ብዛት አይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ተማሪዎች የጤና ትምህርት ዘርፍ በሚመርጡበት ሰሞን ስለ ራዲዮግራፊ፣ ማለትም ራጅ ስለ ማንሳት ሙያ፣ ሁለት ነገር ይወራል። አንደኛው ጨረሩ አደገኛ ነው የሚል፣ ሁለተኛው ሥራው ቁልፍ መጫን ነው የሚል። ሁለቱም ሙያውን አይገልጹትም፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ አሠልጣኞችም የሚያምኑት ይመስላል።

የጨረሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከራጅ ማሽን ጨረር የሚወጣው ቁልፉ ተጭኖ ባለበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ለባለሙያ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት አሃድ) ሲሆን፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ዕድሜው ከ16 እስከ 18 ለሆነ ተለማማጅ ገደቡ 6 ነው። በተራ የራጅ ክፍል ከመከለያው ጀርባ ቆሞ የሚሠራ ሰው እዚህ ገደብ አጠገብ የሚደርስበት ምክንያት የለም። የሚደርስ ካለ ከልማድ ነው፦ በሩን ገርበብ አድርጎ ማንሳት፣ ሕፃን ሲያስቸግር ተማሪውን «ያዝልኝ» ማለት። መያዝ ግድ ከሆነ የሚይዘው ቤተሰብ ነው፤ ነፍሰ ጡር ያልሆነ፣ የእርሳስ ሽርጥ የለበሰ፣ ከዋናው ጨረር መስመር ውጭ የቆመ። ሽርጡም ታጥፎ ወንበር ላይ ከተጣለ ውስጡ ስለሚሰነጠቅ ተሰቅሎ ነው መቀመጥ ያለበት። የጨረር መለኪያ ባጅ ደግሞ ከጋዋን ጋር ራጅ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ከዋለ የሚለካው ሰውየውን ሳይሆን ጋዋኑን ነው።

አሁን ወደ «ቁልፍ መጫን» ልምጣ። በየቀኑ የሚነሳውን የደረት ራጅ ብቻ እንይ። በሽተኛው ደረቱን ከዲቴክተሩ (ከምስል መቀበያው ሰሌዳ) አስጠግቶ ይቆማል፤ ጨረሩ የሚወጣበት ቱቦ 180 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ አገጭ ቀና ይላል፤ የእጆቹን ጀርባ ዳሌው ላይ አድርጎ ትከሻውን ወደ ፊት ይጥላል። ትከሻው ካልተጣለ የትከሻ አጥንቱ ሳንባው ላይ ይጋረጣል። የአንገት መስቀልና ክታብ ይወልቃል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ተማሪ የሚረሳው ሹሩባን ነው። ወፍራም ሹሩባ ትከሻ ላይ ከወረደ የሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ቲቢ የሚያዘወትረው ቦታ ደግሞ እዚያው ነው።

ከዚያ ትንፋሽ አለ። «ሳብ፣ አውጣ፣ እንደገና በደንብ ሳብ፣ ያዝ» ይባላል፤ ጨረሩ የሚለቀቀው በሁለተኛው ስቦሽ ነው። በሽተኛው አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ይህች አንዲት ትእዛዝ በራሱ ቋንቋ መነገር አለባት። ምስሉ ሲወጣ ከዲያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ አሥር የኋላ ጎድን አጥንቶች መቆጠር አለባቸው። ስቦሹ አጭር ከሆነ የሳንባው ታችኛ ክፍል ተጨፍልቆ ኒሞኒያ ይመስላል፤ ልብም የተለጠጠ ይመስላል። ከአንገት ግርጌ ወደ ትከሻ የሚሄዱት የሁለቱ አንገት አጥንቶች ውስጠኛ ጫፎች ከአከርካሪው እኩል ካልራቁ በሽተኛው ዞሯል ማለት ነው፤ ያኔ አንዱ ሳንባ ከሌላው ይጠቁራል። መቆም የማይችል ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ በ100 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ ደግሞ ልቡ ከመጠኑ ገዝፎ ይወጣል። አነሳሱ ምስሉ ላይ ካልተጻፈ አንባቢው ሐኪም ልቡ ላበጠ ሰው የሚሰጠውን ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል።

ፊልም በነበረበት ዘመን ስህተት ራሱን ያጋልጥ ነበር። ጨረር ሲበዛ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ሲያንስ ይነጣል፤ ተማሪውም እዚያው ይማራል። ዲጂታል ማሽን ግን ድምቀቱን ራሱ ያስተካክላል። ጨረር ሲያንስ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላልና ሐኪሙ ይመልሰዋል። ሲበዛ ግን ጥርት ያለ ምስል ይወጣል፤ ማንም ቅሬታ አያቀርብም። ስለዚህ ሠራተኛው ሳያውቀው መጠኑን በየጊዜው ከፍ እያደረገ ይሄዳል፤ ዕዳውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። ይህን የሚያጋልጠው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የልዩነት መለኪያ (ጨረሩ ከሚፈለገው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር) ባለው ማሽን ላይ 0 ማለት ልክ፣ +3 ማለት ከሚፈለገው እጥፍ፣ −3 ማለት ግማሽ ነው። ይህን ቁጥር ሳያይ ምስሉን የሚልክ ተማሪ ገና አልተማረም ባይ ነኝ።

ቁጥሩን ለማስተካከል ደግሞ መሠረቱ ያስፈልጋል። ኪሎቮልቱን (የጨረሩን ጉልበት የሚወስነውን) በ15 በመቶ ማሳደግ፣ ዲቴክተሩ ላይ በሚደርሰው ጨረር ረገድ፣ ሚሊአምፔር ሰከንዱን (የጨረሩን ብዛት የሚወስነውን) እጥፍ እንደማድረግ ነው። ቱቦውን ከ100 ወደ 180 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ተመሳሳይ ጨረር ለማግኘት ከሦስት እጥፍ በላይ ሚሊአምፔር ሰከንድ ይጠይቃል። ባለ ትኩረት ግሪድ (የተበተነ ጨረር ምስሉን እንዳያደበዝዝ የሚያጣራ ወንፊት) ተገልብጦ ከገባ መሃሉ ብቻ ወጥቶ ሁለቱ ጎኖች ይነጣሉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጨረር ጨምሮ ይደግመዋል፣ ያው ምስል ይወጣል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ብዙ ሰዓት ቆሞ ሲነሳም በትናንሽ ጨረሮች ሳያሟሙቁ ከባድ ምርመራ መጀመር አኖዱን (በቱቦው ውስጥ ጨረሩ የሚመነጭበትን ብረት) ሊሰነጥቀው ይችላል። የቱቦ ዋጋን የሚያውቅ አስተዳዳሪ ቢያንስ ይህችን ትምህርት አይንቃትም።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የሚለመደው በተግባር ልምምድ ወቅት ሆኖ ሳለ፣ የተማሪው መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የተገኘበትን ቀንና የተቆጣጣሪውን ፊርማ ነው። አንድ ማሽን ከበው ከቆሙት ተማሪዎች አንዱ ሲያነሳ የቀሩት ያያሉ፤ ፊርማው ግን ለሁሉም እኩል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ሆነ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ዕውቀትን ይለካሉ፤ የምርጫ ጥያቄ ግን ሹሩባውን ከትከሻ ላይ ማንሳትን አይፈትንም።

ለንጽጽር ያህል፣ በአሜሪካ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቶች መዝገብ የሆነው ኤአርአርቲ ለፈተና የሚቀርብ ተማሪ በ2022 እ.ኤ.አ. ዝርዝር መሠረት 36 የግዴታ ምርመራዎችንና 15 ከምርጫ ዝርዝር የሚወሰዱ ምርመራዎችን ብቃቱን እንዲያሳይ ይጠይቃል። አንድ ምርመራ የሚቆጠረው ተማሪው የሐኪሙን ማዘዣ ከማንበብ ጀምሮ አቀማመጡን፣ የጨረር መጠኑን፣ የቀኝና ግራ ምልክቱንና የምስሉን ግምገማ ራሱ ሲያከናውን ነው። ወደዚያ ሄዶ በሙያው ለመቀጠል የሚያስብ ወገናችንም ድርጅቱ የሚቀበለውን ሥልጠና ያጠናቀቀ መሆን እንዳለበት ቀድሞ ይወቅ፤ የእኛ ዲግሪ ብቻውን ለፈተናው አያስቀምጥም።

ዝርዝሩን እንዳለ እንቅዳ አልልም። ዝርዝሩ የሚጠይቀው ማሽን ሁሉ የሌለበት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ተማሪ በሌለ ማሽን ሊመዘን አይችልም። ግን ደረት፣ እጅና እግር፣ አከርካሪ፣ ዳሌ፣ ሆድ፣ የሕፃን ደረት፣ በአልጋ ላይ የሚነሳ በሽተኛ የትም አሉ። እነዚህ እያንዳንዳቸው «አየ»፣ «በእገዛ ሠራ»፣ «ለብቻው ሠራ» በሚሉ ሦስት ዓምዶች ይመዝገቡ።

ከዚያ ጎን የተደገሙ ምስሎች መዝገብ ይኑር። ምክንያቱ በየዓምዱ ይሞላ፦ አቀማመጥ፣ የጨረር መጠን፣ እንቅስቃሴ፣ ያልወለቀ ነገር፣ የማሽን ብልሽት። በዲጂታል ራጅ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ከተነሱት ምስሎች ውድቅ ለሚደረጉት 8 በመቶን ዒላማ አድርጎ፣ 10 በመቶ ሲደርስ ምክንያቱ እንዲጣራ ይመክራል። የአንድ ክፍል ቁጥር ወደ ዜሮ ከተጠጋም ደስ አይበለን፤ ወይ የተበላሸው ምስል እየተሰረዘ ነው፣ ወይ እንዳለ ለሐኪሙ እየተላከ ነው። መዝገቡ ለቅጣት ከዋለ ደግሞ በሳምንቱ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ የተማሪውን ነጥብ ለመቀነስ እንዳይውል ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይገለጽ።

ኮሌጅ የሚመርጡ ተማሪዎችና ወላጆችም ከመመዝገባቸው በፊት ይጠይቁ፦ ተማሪዎቹ የሚለማመዱት የት ሆስፒታል ነው? በአንድ ፈረቃ አንድ ማሽን ላይ ስንት ተማሪ ይመደባል? ሰው ከመንካታቸው በፊት የሚለማመዱበት ፋንተም (የሰው አካል አምሳያ) አለ? ባጁን የሚሰጠው ማን ነው፣ ንባቡስ ለተማሪው ይነገረዋል? ለእነዚህ ወዲያው መልስ የሌለው ተቋም ክፍያው ቢረክስም ይለፉት።

ከሠላምታ ጋር፣
የራዲዮግራፊ ተግባር ልምምድ አስተማሪ
አዲስ አበባ