የከተማ ፕላን ተማሪ ችካል ሳይተክል አይመረቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ሌሎችም የጎጃም ከተሞች አስፋልት ተከትለው ያደጉ ናቸው። አሁን ወደ ኋላ ሲሰፉ የእርሻ መሬት ይሸነሸናል፣ መንገድ ይከፈታል፣ የውሃ ማፋሰሻ ይቆፈራል። ይህን ሥራ ማዘጋጃ ቤት ገብተው የሚረከቡት ወጣት ተመራቂዎች ንድፈ ሐሳቡን ያውቁታል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንን (የመላ ከተማውን) ከአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድ ሰፈሩን) እንደሚለይ፣ መዋቅራዊ ፕላንም ለ10 ዓመት እንደሚያገለግል በቃላቸው ይነግሩዎታል። የሚጨነቁት የተሳለውን መስመር መሬት ላይ አውርዱ ሲባሉ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚጀምረው ከኮኦርዲኔት፣ ማለትም የአንድን ነጥብ ቦታ ከሚገልጹት ቁጥሮች ነው። የቆዩ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ የእጅ ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል ግን ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ መነሻ ይከተላሉ። ሁለቱም ዩቲኤም በተባለው በሜትር የሚቆጥር የካርታ ሥርዓት፣ በዞን 37 ስለሚጻፉ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ሳይቀየሩ ሲደራረቡ ግን 200 ሜትር ያህል ይንሸራተታሉ። ይህን ያየ ተማሪ ምስሉን በማውዝ ጎትቶ መንገዱን ከመንገዱ ያገጥማል። ለዓይን ልክ ይመስላል። ቀያሹ ያንኑ ፋይል ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ላይ ጭኖ ሜዳ ሲወጣ የመንገዱ መሐል መስመር ሰው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ አስቀድሞ ፋይሉ በየትኛው መነሻ እንደተሠራ መጠየቅ፣ ከዚያ በሶፍትዌሩ መቀየር (በነፃ የሚገኘው የካርታ ሶፍትዌር ኪውጂስ ይህን ይሠራል)፣ በመጨረሻም በካርታውም በመሬቱም በሚለዩ ቢያንስ 3 ነጥቦች መፈተን ያስፈልጋል። የእጅ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ ፊቱ 10 ሜትር ለሆነ ቦታ 5 ሜትር ግማሹ ነው። በእሱ ወሰን ማስቀመጥ ጎረቤትን ከጎረቤት ማጣላት ነው።

ከፍታም እንዲሁ። ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርደው የከፍታ መረጃ ነጥቦቹ 30 ሜትር ይራራቃሉ፣ ከፍታውም በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ሶፍትዌሩ ከዚያ ላይ የ1 ሜትር ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር) ቢያወጣም መስመሩ ለቦይ ሥራ አይታመንም። 0.5 በመቶ ተዳፋት ያለው ቦይ በ100 ሜትር ርቀት የሚወርደው 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚያ ኮንቱር የተቆፈረ ቦይ ውሃውን ወደ ላይ ሊመልሰው ይችላል። መሣሪያ ከሌለ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የሞላ ግልጽ ቱቦ ይሻላል።

የውሃው መጠንም በእጅ ይሰላል። የመሬቱን የማፍሰስ መጠን (ከዘነበው ውሃ ሳይሰርግ የሚፈሰውን ድርሻ)፣ የዝናቡን ጥንካሬ በሚሊ ሜትር በሰዓት፣ ስፋቱን በሄክታር አባዝቶ ለ360 ማካፈል ነው። 10 ሄክታር የግጦሽ መሬት፣ ማፍሰሱ 0.3 ቢሆን፣ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ይሰጣል። ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሲበዛበት ማፍሰሱ 0.6 ይደርስና ያው ዝናብ 1 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቦዩ ለግጦሹ ዘመን ተለክቶ ከቀረ ቁልቁል ያለው ሰፈር ይጥለቀለቃል። ብቸና አካባቢ እንዳለው ባለ ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ቶሎ አይሰርግም። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ጥልቀት የሌለው የእንጨት ችካልም ቦታውን ይለቃል።

ሽንሸናው ላይ ደግሞ ሜትር የሚዘረጋው በአየር ላይ አግድም ተወጥሮ እንጂ መሬቱን ተከትሎ አይደለም። 20 በመቶ ተዳፋት ላይ መሬቱን ተከትሎ የተለካ 20 ሜትር በፕላን 19.61 ብቻ ነው፤ 39 ሳንቲ ሜትር ጎደለ። በዚህ አኳኋን 10 ቦታ በተርታ ከተለካ የመጨረሻው ችካል ፕላኑ ካለው ወደ 4 ሜትር ይርቃል። መፍትሔው ርቀቱን በ5 በ5 ሜትር ከፋፍሎ ሜትሩን አግድም መወጠርና ጫፉን በቱንቢ ማውረድ ነው። 10 በ20 የሆነ ቦታ ከማዕዘን ማዕዘን በሁለቱም በኩል 22.36 ሜትር መምጣት አለበት፤ ጎኖቹ ልክ ሆነው ሰያፎቹ ከተለያዩ ቦታው ተንጋዷል።

የመጨረሻው ዓመት የተግባር ልምምድ ፋይል ማመላለሻ ሆኖ እንዳይቀር 8 ሳምንቱ በሙሉ ለአንድ 5 ሄክታር ቦታ ይሰጥ። አምስት ተማሪ፣ አንድ ቀያሽ፣ አንድ ቶታል ስቴሽን ይበቃል፤ ዩኒቨርሲቲውና ማዘጋጃ ቤቱ መሣሪያውን ሊጋሩት ይችላሉ። ጊዜውም አዝመራው ከተነሳ በኋላ፣ ከጥር ወዲህ ይሁን፤ ጤፍ እየረገጡ መለካት ገበሬውን ያስከፋል። ባለይዞታው ሳይነገረው የተተከለ ችካል ማታውን ሊነቀል ይችላል፤ ይህም የሙያው ትምህርት አካል ነው። ግማሹ ጊዜ ለቁጥጥር ነጥብ (ልኬቱ ሁሉ ለሚነሳበት ቋሚ ምልክት) እና ለልኬት፣ ቀጣዩ ለስዕልና ለማፋሰሻ ስሌት፣ የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት 20 ቦታ በችካል ለማውረድ ይዋሉ።

ውጤቱን ግን መምህሩ በወረቀት ብቻ አይስጥ። ሌላ ቡድን የመጀመሪያውን ልኬት ሳያይ ችካሎቹን እንደገና ይለካ፤ በቶታል ስቴሽን ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የተለያየ ካለ ሁለቱም ቡድኖች ሜዳ ተመልሰው ምክንያቱን ይፈልጉ። የዚህ ልኬት ቅጽ ከተማሪው ውጤት ጋር ተያይዞ ይሰጠው፤ ቀጣሪው ማዘጋጃ ቤትም ለቃለ መጠይቅ ሲጠራው መጀመሪያ እሱን ይጠይቀው።

የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ ከደብረ ማርቆስ